ክረምቱን ከአባቴና ከጉንዳኖቼ ጋር

አባቴ መቱ ወዳለው ቤቴ የመጣው ወዶ አይደለም፤ እኔም ወድጄ አልተቀበልኩትም። ሁሩሙ ዳርቻ ካለ ጫካ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ተሰበረበትና ወደቀ። አጥንቱ ተርፏል፤ የግራ እግሩ ቆዳ ግን ከጉልበቱ በታች ተገሽልጦ ቁስሉ አልደርቅ አለ። መቱ ሆስፒታል ሄዶ ሲታይ በየሁለት ቀኑ እየመጣ እንዲታጠብና እንዲታሸግ ታዘዘ። ያን እግር ይዞ በየሁለት ቀኑ ከሁሩሙ በሚኒባስ መመላለስ የማይታሰብ ነው። መቱ ውስጥ ያለሁት ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ስልክ የደወለችው ሚስቱ ናት።

"አባትሽ ነገ ይመጣል" አለችኝ።

"ብቻቸውን?"

"እኔ ከመጣሁ ከብቱንና ቀፎውን ማን ያያል?"

ይመችሽ ይሆን ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ስልኩን ዘጋሁና አልጋዬን ለእሱ አነጠፍኩ። ለራሴ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘረጋሁ። ሳነጥፍ አንሶላውን እንዴት እየጎተትኩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ የተጣላሁት ከአንሶላው ጋር ይመስል ነበር።

እናቴ ከሞተች ዓመት ሳይሞላ ነው ይህችን ሴት ያገባው። ማግባቱን እንኳ ይቅር እለው ነበር። በዚያው ሰሞን ሁሩሙ ገበያ ስወጣ ግን የእናቴን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ቲማቲም ስትመርጥ አገኘኋት። ክርኑ ላይ ያለውን ጥጋን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቤት ሄጄ አባቴን ብጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ታዲያ ሣጥን ውስጥ ብል ይብላው?" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "አንተ" ማለቴን ትቼ "እርስዎ" እለው ጀመር። ሰው ሲሰማ አክብሮት ይመስለዋል። እሱ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቀዋል።

በከተማው ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የምኖረው ብቻዬን ነው። ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ጎመን የተተከለበት ጠባብ ግቢ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ስታመም የምትጠይቀኝ፣ ስጠፋ የምትፈልገኝ አንዲት ጎረቤት። እትዬ ነው የምላት። ሌላ ሰው ወደ ቤቴ ብዙም አይመጣም። ከሌላ ሰው ይልቅ ቤቴ ውስጥ የነበረው ጉንዳን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ጉንዳን ኑሮ ሳስተምር፣ ንግሥቲቱን በዓይኑ ያየ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ማንም አላየም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየኋትም። የበልጉ የመጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ እንዳባራ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች የትምህርት ቤቱን ግቢ ሞሉት። አንዷን፣ ክንፏን ጥላ በእጅ መታጠቢያው ግንብ ላይ ስትንከራተት አገኘኋት። ጥቁር ናት፤ ሆዷ ከሌሎቹ ሁሉ ይተልቃል። አፉ ስለተሸረፈ ከቤተ ሙከራ የተጣለ የብርጭቆ ቱቦ ነበረኝ። ግማሹን ውኃ ሞላሁና ውኃውን በጥጥ ወተፍኩት፤ እሷን ከጥጡ ወዲህ አስገብቼ አፉን በሌላ ጥጥ ደፈንኩ። በጥቁር ወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳት። በሌላ አገር እንዲህ እያደረጉ ጉንዳን የሚያረቡ ሰዎችን በስልኬ አይቼ ነበር።

ለተማሪ ማሳያ ብዬ የጀመርኩት የራሴ ነገር ሆኖ ቀረ። እንቁላል ጣለች፤ ከእንቁላሉ እጭ ወጣ፤ ከእጩ ደግሞ ደቃቅ ሠራተኞች ወጡ። ሃያ ሲሞሉ ቱቦውን ከአንድ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ጋር አያያዝኩትና ወጥተው እንዲመገቡበት አደረግሁ፤ እንዳያመልጡም ጠርዙን ቫዝሊን ቀባሁት። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። አንዷ ሌላዋን በአፏ ስታበላ፣ ሁሉም በየተራ ንግሥቲቱን ሲልሱ ማየት ያሳርፈኛል። ከሰው ጋር ስሆን እንዲህ ዓይነት ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም።

ሰኔ ሲገባ ግን እንቁላሉ ቆመ። የኢሉባቦርን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ እርጥብ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ጉንዳኖቹ ቱቦው ውስጥ ተከማችተው አይንቀሳቀሱም። በስልኬ ያየኋቸው ሰዎች፣ ሲበርዳቸው ንግሥቷ መጣል ታቆማለች፣ ሞቅ አድርጓት ይላሉ። እነሱ ለዚህ የተሠራ የሚሞቅ ሽቦ አላቸው። እኔ ምን አለኝ? ቤቴን በዓይኔ ዞርኩት። ሁልጊዜ ለብ የሚል አንድ ነገር ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ሪሲቨር። በላዩ ጨርቅ አጥፌ አነጠፍኩና ቱቦውን አጋደምኩበት። ሪሲቨሩን ቀኑን ሙሉ አላጠፋውም። በሳምንቱ ከንግሥቲቱ ሆድ ሥር እንደ ጨው ቅንጣት የነጡ እንቁላሎች ተቆልለው አየሁ።

ደስታዬን የምነግረው ሰው ሳጣ አጥር ተሻግሬ ለእትዬ ነገርኳት።

"ጣለችልኝ እኮ!"

"ማናት የጣለችልሽ? ዶሮ ገዛሽ እንዴ?"

"ጉንዳኗ።"

እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ማሎ!" አለች በኦሮምኛዋ፣ እባክሽን እንደማለት። "ማሎ ልጄ፣ ባል ፈልጊ።"

አባቴ የመጣው ከዚህ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ከባጃጅ ሲወርድ ደግፌ አስገባሁት። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው እጁ በላስቲክ የታሰረ የማር ቅል ይዟል። ከስቷል። ሶፋው ላይ ተቀመጠና ቤቱን ቃኘ፤ ዓይኑ ሪሲቨሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ያ ምንድን ነው?"

"ጉንዳን ነው።"

"ምን ይሠራል እዚያ?"

"እየሞቀ ነው። እንቁላል እንዲጥሉ።"

 ቀልድ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ዱላውን ተደግፎ ተነሳና እያነከሰ ቀርቦ አጎንብሶ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

አባቴ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ሰው ነው። ሲመጣ ስለ ንብ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቀፎ መጠረቡንም፣ ማጠኑንም፣ ዛፍ ላይ ማውጣቱንም ያስተማሩት የኦሮሞ ጎረቤቶቹ ናቸው። በዚያ ሥራ ሰው ሆነ። የዚያ ሥራ ጠላት ደግሞ ጉንዳን ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት ከጫካ ሲመለስ ትዝ ይለኛል፤ ሦስት ቀፎ ጉንዳን ወርሮበት ንቡ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ኮብልሎ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለማንም አልናገር አለ። እናቴ ምሳ ብታቀርብለት በእግሩ ገፋው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ቱቦውን ከዓይኑ ያላነሳሁት።

"ጎንዳ!" አለ። የጫካውን ጉንዳን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚጠራው። "ዕድሜዬን ሙሉ ይኼን ስገድል ኖሬ፣ ልጄ ቤቷ ውስጥ ታረባልኛለች?"

"ይኼ የጫካው አይደለም። ሌላ ዘር ነው።"

"ጉንዳን ጉንዳን ነው! አውጪልኝ።"

"ቤቱ የኔ ነው።"

 ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም ያመጣውን ማር ፈትቼ በማንኪያ ጫፍ ቀነስኩ፤ በውኃ አቅጥኜ በጠርሙስ ክዳን አድርጌ ምሳ ዕቃው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ፊት ለፊቱ ማለት ነው። ጉንዳኖቹ ክዳኑን ከበው መጠጣት ጀመሩ።

"ማሬን?" አለ።

"ለኔ አይደል ያመጡልኝ?"

 ያን ቀን ምሳ አልበላም። የዚያን ዕለት ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአልጋው አራት እግሮች እያንዳንዳቸው ውኃ በተሞላ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። በዙሪያው አመድ ተነስንሷል። ጣሳውንም አመዱንም ከእትዬ ጠይቆ ነው። ቀፎ የሚጠብቀው እንዲህ ነበር፤ አሁን ራሱን ከእኔ ቤት ጠበቀ። አመዱን ጠርጌ ጣልኩት። በነጋታው እንደገና ነሰነሰ። እንደገና ጠረግሁት። 

ሆስፒታል የማደርሰው እኔ ነኝ። በባጃጅ እንሄዳለን፣ ተራ እንጠብቃለን፣ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ አባቴ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነርሷ "ልጅዎ ናት? ታድለዋል" ስትለው፣ "አዎ፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ናት" አለ። ከወጣን በኋላ ግን፣ "ባዮሎጂ ማለት ጉንዳን ማጥባት ነው እንዴ?" አለኝ። ባጃጅ ነጂው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቤት ውስጥ ዋናው ጠባችን በሪሲቨሩ ሆነ። አባቴ ዜና ያያል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም። ዜናው ሲያልቅ ሁሉንም ከሶኬቱ ይነቅለዋል። እኔ ስመለስ ቱቦው ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ።

"ለምን ነቀሉት?"

"ጋለ። ብነካው እጄን ፈጀኝ። ቤት ልታቃጥዪ ነው?"

"ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፤ ይኼኛውን አይንኩት።"

"ጉንዳኖችሽንም እየቀቀልሻቸው ነው።"

"እርስዎ ለጉንዳን ማዘን ከጀመሩ ደህና ነው።"

"ማን አዘነላቸው? ወላሂ፣ ቢያልቁ ደስታዬ ነው። ግን የምታደርጊውን አታውቂም። ንብ እንኳ ሲሞቃት በር ላይ ወጥታ በክንፏ ታራግባለች። እነዚህን ቱቦ ውስጥ አጉረሻቸዋል፤ የት ይውጡ?"

ይህን ሲል ሰማሁት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ግን ከእሱ አፍ የወጣ ነገር ሁሉ እኔን ለማቃጠል የተባለ ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ ጆሮዬ ሰማ እንጂ እኔ አልሰማሁም። ከስልኬ ላይ ያነበብኩትን አመንኩ። የማላውቀው ሰው የጻፈውን አምኜ፣ አርባ ዓመት ከነፍሳት ጋር የኖረውን ሰው አላመንኩም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስተኛ ቀን። ዝናቡም ለአፍታ አላቆመም። ቱቦውን ደረቴ ውስጥ ከሹራቤ ሥር ይዤ ዋልኩ። ከዚያ ሌላ ዘዴ መጣልኝ፤ ከሰል አያይዤ ውኃ አሞቅና በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ ከቱቦው ጎን አኖራለሁ። ሲቀዘቅዝ እቀይራለሁ። ከሰሉ እርጥብ ነበር፤ አንድ ድስት ውኃ ለማሞቅ ዘመን ይፈጃል።

በሁለተኛው ቀን ድስቱ እንደፈላ አባቴ ከአልጋው ጠራኝ።

"ትንሽ ለብ ያለ ውኃ በጨው አድርጊልኝ። ፋሻው ተጣብቆ ያመኛል።"

"ይቆዩ፣ እያሞቅሁ ነው።"

"የሞቀ አለ አይደል እንዴ?"

የሞቀውን ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጥኩ ነበር። ለእሱ እንደገና ድስት ጣድኩ። ውኃው እስኪሞቅ ምናልባት ግማሽ ሰዓት ቆይቷል። አላቃሰተም፣ አልደገመም። ቀና ስል እትዬ በር ላይ ቆማለች፤ ትኩስ ቆሎ ይዛለት መጥታ ነበር። ጠርሙሱን አየች፣ ፎጣውን አየች፣ እኔን አየች። ቆሎውን ለአባቴ ሰጥታ፣ "እንዴት ዋሉ ጋሼ?" ብላ አነጋግራው፣ እኔን ሳትሰናበተኝ ሄደች።

በዚያን ጊዜ እንዳፈርኩ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላፈርኩም። የተሰማኝ ንዴት ነው። እትዬንም ሰለለችኝ ብዬ ተቀየምኳት።

መብራት ሲመጣ የጠፋውን ቀን ላካክስ ብዬ ሪሲቨሩን ከነቱቦው በወፍራም ፎጣ ሸፈንኩት፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ። ሶኬቱን በፕላስተር አሸግሁት። በላዩም በወረቀት "አይነካም" ብዬ ለጠፍኩ። አባቴ ማንበብ ይችላል፤ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማረው። ወረቀቱን ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ትምህርት ቤት ክረምት ቢሆንም ለማጠናከሪያ ትምህርት እንገባ ነበር። በማግስቱ አስተምሬ ስመለስ ፕላስተሩ ተልጧል፤ ሶኬቱ ተነቅሏል፤ ፎጣው ተጣጥፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ቱቦውን አንስቼ በጥቁር ወረቀቱ ክፍተት አየሁ። ሁልጊዜ እንቁላሉ የሚቆለልበት ቦታ ባዶ ነው። አንድም የለም።

እንደዚያን ቀን ጮኼ አላውቅም።

"ገደሏቸው! እንቁላሎቹ የሉም! እዩት፣ የሉም!"

አባቴ ከአልጋው ተነስቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። "ሣጥኑ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ነቀልኩት።"

"ውሸት ነው! ከመጡ ቀን ጀምሮ እንዲሞቱ ሲፈልጉ ነበር!"

"አዎ፣ ፈልጌያለሁ። ግን አልነካኋቸውም። ፎጣውን ብቻ..."

"የነኩት ነገር ሁሉ እንዲህ ነው! እናቴም የሞተች ጊዜ ልብሷ እንኳ እስኪደርቅ አልጠበቁም! እኔ ቤት ምን ያደርጋሉ? ሚስትዎ ጋ ይሂዱ! ሹራቡን ለብሳ ታስታምዎት!"

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር፤ ግን እንደሰማኝ አውቃለሁ።  ወደ ክፍሉ ተመለሰና ልብሱን ፌስታል ውስጥ ሲከት ሰማሁት። አላቆምኩትም። ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ ይቆዩ አላልኩትም። ዱላውን ይዞ፣ ፌስታሉን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ግቢውን በጭቃ ውስጥ እግሩን እየጎተተ ሲያቋርጥ በመስኮት አየሁት። እትዬ ጃንጥላ ይዛ ሮጣ ደረሰችበት፤ ባጃጅ ያስቆመችለት፣ መናኸሪያ ድረስም ሄዳ የሁሩሙ ሚኒባስ ላይ ያሳፈረችው እሷ ናት።

ስትመለስ በሬን አንኳኳች። ከደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ፣ "እግሩ ገና ሁለት መታሸግ ይቀረዋል" አለችኝ። "ሰው አይደለሽም።" ከዚያ ሄደች።

በሩን ዘጋሁት። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ፣ ፎጣውን አለበስኩ፣ ፕላስተሩን አሸግሁ። ከአልጋው እግሮች ሥር ጣሳዎቹን አንስቼ ውኃቸውን ውጪ ደፋሁ። በራሴ አልጋ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ቤቴ ተመለሰልኝ፣ የሚነቅል የለም፣ አሁን ትጥልልኛለች አልኩ።

በማግስቱ ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ዋልኩ። ስመለስ በሩን እንደከፈትኩ የላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። ፎጣውን ስገልጥ ሪሲቨሩ እጄን ፈጀኝ። ከቱቦው ውስጥ ውኃው አልቆ ጥጡ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ጉንዳኖቹ በሙሉ ከሙቀቱ በራቀው ጫፍ፣ አፉን በወተፍኩበት ጥጥ ላይ ተለጥፈው ሞተዋል። ወደ ምሳ ዕቃው የሚያስወጣውን ቀዳዳ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ መብራት የጠፋ ጊዜ ብርድ እንዳይገባቸው ብዬ። ከዚያ አልከፈትኩትም። ንግሥቲቱ እግሮቿን ሆዷ ላይ አጥፋ በጀርባዋ ተኝታለች።

የአፉን ጥጥ በመርፌ ጎትቼ ሳወጣ እንቁላሎቹን አገኘኋቸው። ከጥጡ ሥር፣ በክሩ መሃል ተሸጉጠዋል። ደርቀዋል እንጂ ሁሉም አሉ። ትናንት የት ገቡ ብዬ ስጮህ እዚያ ነበሩ። ሠራተኞቹ ሲግልባቸው አንድ በአንድ ተሸክመው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ አሽሽተዋቸው ነበር። አባቴም እነሱም አንድ ነገር ነው የሚሉኝ የነበረው፤ ሁለቱንም አልሰማሁም። ትናንት ባይነቅለው ኖሮ ትናንት ያልቁ ነበር። ቱቦውን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሻለሁ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አሁንም አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከፋርማሲ ፋሻና መድኃኒት ይዤ ወደ ሁሩሙ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርጄ ቤታቸው ድረስ በእግር ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ። የእንጀራ እናቴ በር ላይ ነበረች። ሹራቡን ለብሳለች። አየችኝና ሹራቡን ወደ ፊት ሰበሰበችው፣ እንደሚበርዳት ሰው። አባቴ ነግሯታል ማለት ነው።

"ግቢ" አለችኝ። እጄን አልጨበጠችኝም።

አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሌላ በርጩማ ላይ ዘርግቷል። ፋሻው ቆሽሿል። ሰላም አልኩት፤ በአገጩ መለሰልኝ። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ፋሻውን መፍታት ጀመርኩ። 

"ሞቱ" አልኩት በመጨረሻ።

"እነማን?"

"ጉንዳኖቹ።"

"እሰይ!" አለ። ከልቡ ነው ያለው። ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ።

ፋሻው ተጣብቆ ነበርና በጨው ውኃ አራስኩት። አሁን ውኃውን ያሞቀችው የእንጀራ እናቴ ናት፤ ሳልጠይቃት አምጥታ አስቀመጠችው።

"በሙቀት ነው የሞቱት?" አለ አባቴ ቆይቶ።

"በሙቀት ነው።"

"ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረውኛል።"

ሌላ ነገር እንዲል ጠበቅሁ፤ እኔም ሌላ ነገር ልል አስቤ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ደርሶ ነበር። እሱ ግን፣ "አጠበቅሽው፣ ደሜን ልታቆሚ ነው?" አለኝ ስለ ፋሻው። "ካልጠበቀ ይፈታል" አልኩት። "ነርሷ እንዲህ አታስርም።" "እንግዲያው ነርሷ ጋ ለምን አልሄዱም?" "ማን አባረረኝና!" ብሎ እግሩን ነጠቀኝ። የእንጀራ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ሁለታችንንም አየችና ተመለሰች። ቃሉ ወደ መጣበት ተመለሰ። ፋሻውን ላላ አድርጌ እንደገና አሰርኩለትና የከሰዓት በኋላውን ሚኒባስ ይዤ መቱ ገባሁ።

ቁስሉ ከርሞ ደረቀ። ጥቁር ጠባሳ ትቶበታል፣ ትንሽም ያነክሳል። ዛፍ መውጣት ግን አልተወም።

በሚቀጥለው በልግ ሌላ ንግሥት ያዝኩ። ይህችኛዋን ክረምት ሲገባ ያሞቅኋት በትንሽ አምፖል ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ራቅ አድርጌ። ሌላውን ወገን ቀዝቃዛ ተውኩላቸው፤ መውጫውን አልዘጋሁም፣ ጥጡም እንዳይደርቅ በየቀኑ አያለሁ። ሲሞቃቸው እንቁላላቸውን ይዘው ይሸሻሉ፣ ሲበርዳቸው ይመለሳሉ። ክረምቱን ሙሉ ጣለች። ይህን ያወቅሁት ከማን እንደሆነ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ፣ "ከንብ አርቢ" እላለሁ፤ ከየትኛው ንብ አርቢ እንደሆነ አልናገርም። ለአባቴም ነግሬው አላውቅም።

እትዬ አንድ ወር ያህል አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ቀን ጎመኔን ፍየል ሲበላ አይታ ጠራችኝ፤ እንዲሁ ታረቅን።

ከአባቴ ጋር ግን እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። እሱ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም፤ ሆስፒታል እንኳ ሲመጣ በዚያው ቀን ይመለሳል። እኔ ለዒድ እሄዳለሁ። ተቀምጠን እንበላለን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው እንነጋገራለን፣ ከዚያ አንዳች ነገር ይነሳል። ባለፈው ዒድ የተጣላነው በጣሪያ ነው፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ይቀይሩ አልኩት፣ የኔ ጣሪያ ምን አገባሽ አለኝ። ምሳው ሳይቀርብ ተነስቼ ወጣሁ። የእንጀራ እናቴ ድርሻዬን በሰሃን ይዛ አስፋልቱ ድረስ ተከተለችኝ፤ ሚኒባሱ እስኪመጣም አብራኝ ቆመች።